በፖቶማክ ወንዝ ግራና ቀኝ፦ የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ የዋሽንግተን አጎራባች አካባቢዎች ለኑሮና ለሥራ ሲነጻጸሩ

የአሜሪካ ርዕሰ ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ በሦስት አቅጣጫ በሜሪላንድ ግዛት የተከበበች ስትሆን፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ የፖቶማክ ወንዝ ከቨርጂኒያ ግዛት ይለያታል። በወንዙ ግራና ቀኝ የተዘረጉት አጎራባች አካባቢዎች በአንድ የሥራ ገበያ፣ በአንድ የሜትሮ ባቡርና በአንድ ቀለበት መንገድ የተሳሰሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ደመወዝ የሚያገኙ ሁለት ሠራተኞች አንዱ በሜሪላንድ፣ ሌላው በቨርጂኒያ ቤት በመከራየታቸው ብቻ የሚከፍሉት ግብር፣ የቤት ኪራይ ጥበቃቸውና ልጆቻቸው የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ይለያያል።

አካባቢው በአሜሪካ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ኢትዮጵያዊና ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት በመሆኑ ጉዳዩ ለብዙ የአገራችን ቤተሰቦች የቅርብ ጉዳይ ነው። ከዚህም ባሻገር የአንድ ዋና ከተማ ዳርቻዎች በሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ሥር ሲወድቁ ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ለሚሹ የሥራ ኃላፊዎች ንጽጽሩ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረትና ዕድገት

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1790 ባወጣው ሕግ ለአዲሱ ዋና ከተማ የሚሆነውን መሬት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከየወገናቸው ሰጡ። እያንዳንዱ ጎኑ 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ክልልም ተከለለ። በ1791 በተደረገው ማሻሻያ ግን የመንግሥት ሕንፃዎች ከሜሪላንድ በተገኘው ወገን ብቻ እንዲሠሩ ተደነገገ። በወንዙ ማዶ የነበሩት የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች ከዋና ከተማነቱ የረባ ጥቅም አላገኘንም በማለት ጥያቄ በማቅረባቸው፣ ኮንግረስ በ1846 መሬቱ ለቨርጂኒያ እንዲመለስ ፈቀደ። የዛሬው አርሊንግተን ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ክፍል በዚህ መንገድ የተመለሰው መሬት ነው።

የታሪክ ነገር ሆኖ፣ አንድም የመንግሥት ሕንፃ እንዳይሠራበት ተከልክሎ የነበረው ይኸው የአርሊንግተን መሬት በ1943 የመከላከያ ሚኒስቴሩ ግዙፍ ሕንፃ ፔንታጎን የተጠናቀቀበት ቦታ ለመሆን በቅቷል።

የሁለቱ ወገኖች ፈጣን ዕድገት የተጀመረው የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተስፋፉባቸው በ1930ዎቹና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበር። በሜሪላንድ በኩል የፌዴራሉ መንግሥት በፕላን ያስገነባት የግሪንቤልት ከተማ በ1937 የመጀመሪያ ነዋሪዎቿን ተቀብላለች። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ በግል ባለሀብት አነሳሽነት በፕላን የተሠራችው ሬስተን በ1964 ተመሥርታለች። ዋና ከተማዋን የሚዞረው 103 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀለበት መንገድ በዚያው በ1964 መጠናቀቁና የሜትሮ ባቡር በ1976 ሥራ መጀመሩ የቀድሞዎቹን የእርሻ መሬቶች ወደ መኖሪያና የሥራ ማዕከልነት ለውጧቸዋል።

የሕዝብ ብዛትና የአስተዳደር መዋቅር

በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በሜሪላንድ በኩል የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕዝብ 1 ሚሊዮን 62 ሺህ፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ 967 ሺህ ነበር። በቨርጂኒያ በኩል ፌርፋክስ ካውንቲ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ፣ ፕሪንስ ዊሊያም 482 ሺህ፣ ላውደን 421 ሺህ፣ አርሊንግተን 239 ሺህ፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ 159 ሺህ ሕዝብ እንደነበራቸው ተመዝግቧል። በዚያው ቆጠራ የዋና ከተማዋ ሕዝብ ከ690 ሺህ ያልበለጠ በመሆኑ፣ ሞንትጎመሪና ፌርፋክስ እያንዳንዳቸው በሕዝብ ብዛት ዋሽንግተን ዲሲን የሚበልጡ ናቸው።

ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ ሥልጣኑ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሁለቱ ወገኖች በመሠረታዊነት የሚለያዩትም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ግዛት የሚከተለው የሕግ መርህ የአካባቢ አስተዳደሮች በግዛቱ ምክር ቤት በግልጽ ከተሰጣቸው ሥልጣን በስተቀር ሌላ ሥልጣን የላቸውም የሚል ነው። በዚህ ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ በብዙ ጉዳዮች ላይ ከሪችመንድ ፈቃድ መጠበቅ ይኖርበታል። በአንጻሩ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1948 ጀምሮ የራሱ ቻርተር ያለው ሲሆን፣ በአካባቢ ጉዳዮች ላይ ሰፋ ያለ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው።

ልዩነቱ በነዋሪው የዕለት ኑሮ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በቨርጂኒያ ከ1932 ወዲህ በአብዛኛዎቹ ካውንቲዎች የሰፈር ውስጥ መንገዶችን ሳይቀር የሚጠግነው የግዛቱ መንግሥት ነው፤ አርሊንግተን ከዚህ ውጪ ከሆኑት ጥቂት ካውንቲዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድ ግን የአካባቢ መንገዶች ኃላፊነት የካውንቲው ነው። ስለሆነም በደጁ ያለው መንገድ የተቦረቦረበት የፌርፋክስ ነዋሪ አቤቱታውን ለግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሲያቀርብ፣ የሞንትጎመሪው ነዋሪ ለራሱ ካውንቲ ያመለክታል። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርችን የመሳሰሉ የቨርጂኒያ ከተሞች ደግሞ በየትኛውም ካውንቲ ሥር ያልታቀፉ፣ ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደሮች ናቸው። ለአዲስ ነዋሪ ይህ ግራ የሚያጋባ ነው፤ በፖስታ አድራሻው ላይ አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች ተብሎ የተጻፈ ቤት አስተዳደራዊ ይዞታው ፌርፋክስ ካውንቲ ሊሆን ይችላልና።

የሥራ ዕድል

ሁለቱ ወገኖች ዋና ቀጣሪያቸው የፌዴራሉ መንግሥት በመሆኑ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ከመንግሥት ዘርፎች የትኛው ወደየትኛው ወገን አደላ በሚለው ነው።

የሜሪላንድ ወገን በአመዛኙ የጤና፣ የሳይንስና የምርምር ማዕከል ነው። ብሔራዊ የጤና ተቋማት በቤቴስዳ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ፣ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በጌተርስበርግ፣ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በሱትላንድ፣ የናሳ ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ደግሞ በግሪንቤልት ይገኛሉ። እነዚህን ተቋማት ተከትለውም ከቤቴስዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የሥነ ሕይወት ቴክኖሎጂና የመድኃኒት ኩባንያዎች ተሰባስበዋል። የሰውን ልጅ የዘር ቅንጣት ቅደም ተከተል ለማንበብ በተካሄደው ውድድር የመንግሥቱ ፕሮጀክት የተመራው ከቤቴስዳ፣ የግሉ ተፎካካሪ የሴሌራ ኩባንያ መቀመጫም በሮክቪል መሆኑ ለዚህ ማሳያ ነው።

የቨርጂኒያ ወገን ደግሞ የመከላከያ፣ የደኅንነትና የመረጃ ቴክኖሎጂ ሥራዎች ያመዝኑበታል። ፔንታጎን በአርሊንግተን፣ የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት በላንግሊ፣ የፈጠራ ባለቤትነትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት በአሌክሳንድሪያ ይገኛሉ። ታላላቅ የመከላከያ ሥራ ተቋራጮችም በእነዚሁ አካባቢዎች ሰፍረዋል። አማዞን ኩባንያ ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአርሊንግተን ለመክፈት በ2018 ወስኖ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በ2023 ሥራ አስጀምሯል። ቦይንግም በ2022 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከቺካጎ ወደ አርሊንግተን እንደሚያዛውር አስታውቋል። ላውደን ካውንቲ ደግሞ የኢንተርኔት መረጃ የሚከማችባቸውና የሚሠራጭባቸው የዳታ ማዕከላት በብዛት ከተሰባሰቡባቸው የዓለም አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ካውንቲው በማዕከላቱ ውስጥ ባሉ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ላይ ከሚጥለው ግብር ከፍተኛ ገቢ የሚያገኝ ሲሆን፣ በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ፍጆታቸውና ድምፃቸው የነዋሪዎች ቅሬታ ምንጭ ሆኗል።

ሥራ ፈላጊው ሊያጤነው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በቨርጂኒያ በኩል በመከላከያና በደኅንነት ዘርፍ ያሉት ብዙዎቹ የሥራ መደቦች የምስጢር መዳረሻ ፈቃድ የሚጠይቁ ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ በአጠቃላይ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ባለሙያ የሥራ ማስታወቂያው ብዛት ሊያዘናጋው አይገባም። በነርስነት ሙያ ለተሰማሩት ግን ሁለቱም ግዛቶች የብዙ ግዛቶች የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል በመሆናቸው፣ በአንደኛው ግዛት የሚኖር ነርስ በስምምነቱ መሠረት ባገኘው ፈቃድ በሌላኛው መሥራት ይችላል።

በዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ረገድ ሜሪላንድ ትሻላለች። ከጥር 2024 ጀምሮ በመላው ሜሪላንድ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ሲሆን፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በበኩሉ ከዚህ ከፍ ያለ ወለል ደንግጓል። በቨርጂኒያ በ2025 የነበረው ዝቅተኛ ክፍያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ቨርጂኒያ ከ1947 ወዲህ ማንም ሠራተኛ የማኅበር አባልነትን ወይም መዋጮን ለቅጥሩ ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርግ እንዳይገደድ የሚደነግግ ሕግ ያላት ስትሆን፣ ይህም ለባለሀብቱ የሚስማማ፣ የሠራተኛ ማኅበራትን ግን የሚያዳክም ተብሎ ይተቻል። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም።

ሁለቱ ወገኖች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ወደየራሳቸው ለመሳብ ብርቱ ፉክክር ያደርጋሉ። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት የት ይሁን በሚለው ላይ ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ በ2023 የሜሪላንዷ ግሪንቤልት የቨርጂኒያዋን ስፕሪንግፊልድ አሸንፋ ተመርጣ ነበር። ይሁንና በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔውን በመለወጥ ቢሮው በዚያው በዋሽንግተን ውስጥ ወደሚገኝ ሌላ ሕንፃ እንዲዛወር አስታውቋል። በአንድ ውሳኔ ለግሪንቤልት የታሰበው የሥራ ዕድል የቀረ ሲሆን፣ በፉክክሩ የተሸነፈችው ስፕሪንግፊልድም ያገኘችው ነገር የለም።

በዚያው በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት የሠራተኞቹን ቁጥር በስፋት መቀነሱ፣ የተራድኦ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ መዘጋቱና በዓመቱ መጨረሻ ወራት በበጀት አለመጽደቅ ምክንያት የመንግሥት ሥራ ለ43 ቀናት መቋረጡ የሁለቱንም ወገኖች የጋራ ድክመት ያጋለጠ ነበር። በአንድ ቀጣሪ ላይ የተመሠረተ ኢኮኖሚ ቀጣሪው ባስነጠሰ ቁጥር የሚታመም መሆኑን በወንዙ ግራም ቀኝም የሚኖሩ ቤተሰቦች አይተውታል።

ግብርና የኑሮ ወጪ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባላቸው ስምምነት መሠረት ደመወዝተኛ የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሚሠራበት ሳይሆን ለሚኖርበት ግዛት ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደርም በከተማዋ ውስጥ እየሠሩ ከከተማዋ ውጪ በሚኖሩ ሰዎች ገቢ ላይ ግብር እንዳይጥል በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ተከልክሏል። በመሆኑም የግብሩን መጠን የሚወስነው ሠራተኛው ማታ የሚያድርበት ቤት አድራሻ ነው።

በቨርጂኒያ ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ 5.75 በመቶ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ከ17 ሺህ ዶላር በላይ በሆነው ገቢ ላይ ነው። ካውንቲዎች የገቢ ግብር አይጥሉም። በሜሪላንድ ግን ከግዛቱ የገቢ ግብር በተጨማሪ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን የገቢ ግብር ይሰበስባል፤ ምጣኔው በሞንትጎመሪ በ2025 3.2 በመቶ ነበር። ለምሳሌ ያህል ግብር የሚከፈልበት ዓመታዊ ገቢው 100 ሺህ ዶላር የሆነ ያላገባ ሠራተኛ በእነዚህ ምጣኔዎች ሲሰላ፣ በቨርጂኒያ 5 ሺህ 500 ዶላር ገደማ፣ በሞንትጎመሪ የግዛቱና የካውንቲው ተደምሮ 7 ሺህ 900 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ልዩነቱ በዓመት 2 ሺህ 400 ዶላር ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲዎችና ከተሞች በነዋሪው ተሽከርካሪ ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጥላሉ። በሜሪላንድ ይህ ዓመታዊ ግብር የለም፤ ተሽከርካሪ ሲገዛና ስም ሲዛወር የሚከፈለው ቀረጥ ግን ከቨርጂኒያው ከፍ ያለ ነው። ሁለትና ሦስት አዳዲስ መኪኖች ያሉት ቤተሰብ በገቢ ግብር ያተረፈውን ከፊሉን በመኪና ግብር መልሶ ሊከፍለው ይችላል። አጠቃላዩ የሽያጭ ታክስ በሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ 6 በመቶ ሲሆን፣ ለቤት የሚገዛ የምግብ ሸቀጥ በሜሪላንድ ከታክስ ነፃ ነው። በቨርጂኒያ የግዛቱ የምግብ ታክስ ከ2023 ጀምሮ የተነሣ ቢሆንም ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚውለው 1 በመቶ አሁንም ይከፈላል።

ምግብ ቤት ለመክፈት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የአልኮል መጠጥ የጅምላ ንግድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በካውንቲው መንግሥት እጅ በመሆኑ ምግብ ቤቶች መጠጥ የሚረከቡት ከካውንቲው መጋዘን ነው። በቨርጂኒያ ቢራና ወይን ከግል አከፋፋዮች ሲገኝ፣ ጠንካራ መጠጦችን የሚሸጠው የግዛቱ ባለሥልጣን ነው።

የመኖሪያ ቤትና የመሬት አጠቃቀም

በሁለቱም ወገን የቤት ዋጋ ከአሜሪካ አማካይ እጅግ የላቀ ነው። በአንጻራዊነት ረከስ ያለ ቤት የሚገኘው በሜሪላንድ በኩል በፕሪንስ ጆርጅስ፣ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ ራቅ ብሎ በፕሪንስ ዊሊያም ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች ከባለጸጎቹ ሰፈር እንዳይገፉ ለማድረግ በ1970ዎቹ ያወጣው ሕግ በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሕጉ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቤቶች የሚሠራ አልሚ ከሚገነባቸው ቤቶች ውስጥ የተወሰነ ድርሻ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በምላሹም ተጨማሪ ቤቶች የመሥራት ፈቃድ እንዲያገኝ ያደርጋል።

ካውንቲው በ1980 ደግሞ ከቆዳ ስፋቱ ሲሶ ያህሉን፣ ማለትም ወደ 37 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለግብርና ብቻ እንዲውል ከልሏል። ለገበሬዎች የታሰበላቸው ካሣ በመሬታቸው ላይ ቤት የመሥራት መብታቸውን ከተማ ውስጥ ለሚገነቡ አልሚዎች እንዲሸጡ መፍቀድ ነበር። በዚህ ዘዴ የእርሻ መሬቱ ሲጠበቅ ገበሬውም ባዶ እጁን አልቀረም። በሌላ በኩል የመሬቱ መገደብ ለቤት ዋጋ መናር አስተዋጽኦ አድርጓል የሚሉ ወገኖች አሉ።

ተከራዮችን በተመለከተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ባጸደቀውና በ2024 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ ወይም ከዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተጨምሮ ከሚገኘው፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው እንዳይበልጥ ገድቧል። አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ለተወሰኑ ዓመታት ከሕጉ ውጪ ናቸው። በቨርጂኒያ ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ገደብ እንዲጥሉ ከግዛቱ ሥልጣን ስላልተሰጣቸው አከራዩ ውሉ ሲያበቃ የመሰለውን ጭማሪ መጠየቅ ይችላል።

በቨርጂኒያ በኩል በምሳሌነት የሚጠቀሰው የአርሊንግተን ተሞክሮ ነው። ካውንቲው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የሜትሮ መስመሩ በአውራ ጎዳናው መካከል ሳይሆን ከሮዝሊን እስከ ቦልስተን በነበረው የቆየ የንግድ ጎዳና ሥር በመሬት ውስጥ እንዲያልፍ ተከራክሮ አስወስኗል። ረጃጅም ሕንፃዎችም በየጣቢያው አካባቢ ብቻ እንዲሠሩ በማድረጉ፣ ከጣቢያዎቹ ጥቂት መንገድ ራቅ ብለው ያሉት የቀድሞ ሰፈሮች እንደነበሩ ሊቆዩ ችለዋል።

መጓጓዣ

ወደ ዋና ከተማዋ ለመግባት ሁለቱም ወገኖች የሜትሮ ባቡር አላቸው። በሜሪላንድ የቀዩ መስመር ሮክቪልን፣ ቤቴስዳንና ሲልቨር ስፕሪንግን ያገናኛል። በቨርጂኒያ የብርማው መስመር የመጀመሪያ ምዕራፍ በ2014 ተከፍቶ፣ ሁለተኛው በኅዳር 2022 እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያና አሽበርን ድረስ ተዘርግቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚያደርገው በረራ የሚያርፈው በዚሁ በደለስ በመሆኑ፣ መንገደኛው ዛሬ በባቡር ወደ ከተማ መግባት ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዳርቻ ወደ ዳርቻ መጓዝ ሲያስፈልግ ነው። የሜትሮ መስመሮች በሙሉ በመሐል ከተማ በኩል የሚያልፉ በመሆናቸው፣ ከቤቴስዳ ወደ ታይሰንስ የሚሄድ ሠራተኛ ቀጥታ ባቡር የለውም። በቀለበት መንገዱ ላይ ፖቶማክን የሚያሻግሩት ድልድዮች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ በተለይ ሰሜን ምዕራብ ያለው የአሜሪካን ሌጅን ድልድይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በከፍተኛ መጨናነቅ ይታወቃል። ቤቱን በአንደኛው፣ ሥራውን በሌላኛው ወገን ያደረገ ሰው በግብር ያተረፈውን በሰዓት ሊከፍለው እንደሚችል ማስላት ይኖርበታል።

ቨርጂኒያ መጨናነቁን ለማቃለል የመረጠችው በዋናነት ከግል ኩባንያዎች ጋር በመተባበር የክፍያ መንገዶችን መሥራት ነው። ክፍያው በትራፊኩ ብዛት ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የጫነ ተሽከርካሪ አስፈላጊውን መሣሪያ ከያዘ በነፃ ያልፋል። ሜሪላንድ ደግሞ ቤቴስዳን ከኒው ካሮልተን የሚያገናኝ 26 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 21 ጣቢያዎች ያሉት ቀላል ባቡር በ2017 መገንባት ጀምራለች። ሐምራዊ መስመር የተባለው ይህ ፕሮጀክት ከተቋራጩ ጋር በተፈጠረ አለመግባባትና በወጪ መናር ምክንያት ለዓመታት የዘገየ ሲሆን፣ በዕቅዱ መሠረት አገልግሎት የሚጀምረው በ2027 መጨረሻ ወይም በ2028 መጀመሪያ ነው።

ትምህርትና ማኅበራዊ አገልግሎት

በሁለቱም ወገን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በካውንቲ ደረጃ ሲሆን፣ የፌርፋክስና የሞንትጎመሪ የትምህርት ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የሚያስተናግዱና በአገሪቱ ከታላላቆቹ ተርታ የሚመደቡ ናቸው። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ግን ተማሪው የሚመደበው በመኖሪያ ሰፈሩ በመሆኑ፣ ከካውንቲው ስም ይልቅ የቤቱ አድራሻ የሚያስገባበትን ትምህርት ቤት ማጣራት የበለጠ ጠቃሚ ነው።

ለከፍተኛ ትምህርት የግዛቱ ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋ ከሌላው በእጅጉ ያነሰ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በኮሌጅ ፓርክ በመሆኑ የሜሪላንድ ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ መማር ይችላል። የቨርጂኒያ ነዋሪ በአቅራቢያው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ስመ ጥሩው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ መኪና በሚያስነዳው በሻርሎትስቪል ይገኛል። የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጡት ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለአዲስ መጤ ቤተሰቦች የመጀመሪያው በር ሆነው ያገለግላሉ።

ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሰጠውን የሕክምና ዋስትና ሜሪላንድ በ2014፣ ቨርጂኒያ በ2019 አስፋፍተዋል። በሞንትጎመሪ የምትገኘው የታኮማ ፓርክ ከተማ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿም በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ትፈቅዳለች።

የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ

በሜሪላንድ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያ በኩል አሌክሳንድሪያና የፎልስ ቸርች አካባቢ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች፣ የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብሮች፣ የሒሳብና የጉዞ ወኪል ቢሮዎች የተሰባሰቡባቸው ናቸው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። በጤና ተቋማት፣ በታክሲ አገልግሎት፣ በመኪና ማቆሚያ ሥራና በመረጃ ቴክኖሎጂ የተሰማሩት በርካታ ናቸው። አማርኛ በሁለቱም ወገን በሚገኙ የትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት መረጃ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012 ከጎንደር ከተማ ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት መሥርቷል።

በማኅበረሰቡ ዘንድ የመኖሪያ ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በግብር ስሌት ሳይሆን ቀድሞ የመጣው ዘመድ ወይም ወዳጅ በሚኖርበት ነው። ለአዲስ መጤ የዘመድ ቅርበት ትልቅ ሀብት መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ኑሮው ከተደላደለ በኋላ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርትና የቤት ፍላጎቱ የትኛውን ወገን እንደሚያመለክቱ ደግሞ መመርመር ያተርፋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ከሁለቱ አንዱ በሁሉም ረገድ የተሻለ ነው ለማለት አይቻልም። ገቢው ከፍ ያለ፣ በመከላከያ ወይም በመረጃ ቴክኖሎጂ የተሠማራና ዜግነት ያለው ባለሙያ በቨርጂኒያ ዝቅተኛ ግብርና ሰፊ የሥራ ገበያ ያገኛል። በጤናና በምርምር መስክ የሚሠራ፣ በሰዓት ክፍያ የሚተዳደር ወይም ቤት ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ በሜሪላንድ፣ በተለይም በሞንትጎመሪ፣ የተሻለ የሕግ ጥበቃ ያገኛል፤ ለዚህም ከፍ ያለ የገቢ ግብር ይከፍላል። ለሁሉም የሚሠራው ምክር ቤትንና ሥራን በተቻለ መጠን በአንድ ወገን ማድረግ ነው።

ለአስተዳደር ሰዎች ደግሞ ከንጽጽሩ የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። ወንዙ የሚያዋስናቸው ሁለቱ አካባቢዎች በአየር ንብረትም ሆነ በሕዝብ ስብጥር እምብዛም አይራራቁም። ያራራቃቸው በየጊዜው የተወሰኑ ውሳኔዎች ናቸው፤ የ1932ቱ የመንገድ ሕግ፣ የ1980ው የእርሻ መሬት ክልል፣ የአርሊንግተን የባቡር መስመር ክርክር ዛሬ ድረስ የነዋሪውን ኑሮ ይወስናሉ። ተፎካካሪዎቹ ወገኖች አብረው በሠሩባቸው ጉዳዮችም ውጤቱ ታይቷል። የሜትሮ ባቡሩ በ1967 በተቋቋመ የጋራ ባለሥልጣን ይተዳደራል፤ በ2018ም ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ በየዓመቱ በድምሩ 500 ሚሊዮን ዶላር ለባቡሩ ዕድሳት ለመመደብ ተስማምተዋል። በአንጻሩ የጋራ መፍትሔ ያልተበጀለት የቀለበት መንገዱ ድልድይ በየማለዳው የሁለቱንም ወገን ሠራተኛ አሰልፎ ያስጠብቃል።